ከካርዱ ጋር የመጣ ኢንሹራንስ የት ድረስ ያደርሳል?

 

የዛሬውን ዝግጅት ድሬዳዋ አቅራቢያ ካለችው ከሁርሶ ልጀምር። ሁርሶ ሲባል ለአብዛኛው ሰው ፈጥኖ ትዝ የሚለው የወታደር ማሰልጠኛው ነው። ለእኔ ግን ሁርሶ የአክስቴ ቤት ነው፤ ግራሩ፣ ፍየሎቹ፣ ከቀትር በኋላ የሚነሳው ትኩስ ነፋስ ነው። የአክስቴ ባል በሕይወት ሳሉ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እህቴ የምላት ልጃቸው ሚኒሶታ ነው የምትኖረው። ከስድስት ዓመት በኋላ እናቷን ልታይ ለዒድ መጣች።

በመጣች በሦስተኛው ቀን የተሳፈረችበት ባጃጅ የደረቀውን ወንዝ ሲሻገር አሸዋው ላይ ተገለበጠ። ሹፌሩ ክንዱ ተላጠ እንጂ ደህና ነበር። የእሷ ቀኝ እግር ግን ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰበረ። በሰው መኪና ለምነን ድሬዳዋ አንድ የግል ሆስፒታል አደረስናት። ኤክስሬይ ተነሳች፤ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መብራቱ አንስተው አዩና ኦፕራሲዮን እንደሚያስፈልግ፣ አጥንቱ በብረት እንደሚያያዝ ነገሩን። ከዚያ ወደ ገንዘብ ቤት ተላክን፤ ቀብድ ተጠየቅን።

እህቴ ሕመሙ እያንቀጠቀጣት ቦርሳዋን አቀብለኝ አለችኝ። ካርዷን አወጣች። «አይዟችሁ፣ ይሄ ካርድ የጉዞ ኢንሹራንስ አለው» አለች። ካርዱ ጀርባ ላይ ባለው ቁጥር ደወልን፤ ስልኩን የያዝኩላት እኔ ነበርኩ። ከወዲያ ያነሳችው ሴት ትሑት ነበረች። የአውሮፕላን ቲኬቱ በዚሁ ካርድ መከፈሉን ጠየቀች፤ ተከፍሏል። የት እንደተጎዳች፣ በምን እየሄደች እንደነበር ጠየቀች። ከዚያ ካርዱ የሕክምና ወጪ ሽፋን እንደሌለው ነገረችን። የአደጋ ሽፋን አለው፤ ግን የሚከፍለው ለሞት፣ ወይም እጅ፣ እግር፣ ዓይን ሙሉ በሙሉ ለጠፋ ነው፤ ያውም መንገደኛው በአውሮፕላን፣ በባቡር፣ በመርከብ ወይም በመሳሰለው ማጓጓዣ ላይ ሳለ አደጋው ከደረሰ።

ስልኩን ዘጋሁት፤ እህቴ ዝም አለች። ቆይታ፣ «ለተሰበረ እግር አይሆንም» ብቻ አለችን። አክስቴ እንግሊዝኛ አይሰሙም፤ ከፊቷ ግን ሁሉን አነበቡት። በማግስቱ ጠዋት አራት ፍየልና አንዲት ጊደር ወደ ገበያ ወረዱ።

አድማጮቼ፣ ይህን የምነግራችሁ ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ያቺ ሴት የተናገረችው ሁሉ ከካርዱ ጋር በፖስታ በተላከው መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በየዓመቱ ለዒድ፣ ለገና፣ ለሠርግና ለለቅሶ ወደ ድሬዳዋ የሚመጡ ልጆቻችን «ካርዴ ኢንሹራንስ አለው» ብለው ልባቸውን ጥለው መምጣታቸው ነው። ጉድለቱን የሚሞላው ደግሞ እዚህ ያለው ቤተሰብ ነው።

ወደ ነገሩ ሥር እንግባ። በእኛ አገር በእጃችን ያለው ካርድ በአብዛኛው የራሳችንን ገንዘብ ከኤቲኤም የምናወጣበት ነው። ክሬዲት ካርድ የሚባለው ግን ባንኩ መጀመሪያ ከፍሎልን እኛ ወሩ ሲያልቅ ለባንኩ የምንመልስበት የብድር ካርድ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ባንኮች ደንበኛ ለመሳብ ከካርዱ ጋር ልዩ ልዩ ጥቅም ያያይዛሉ፤ አንዱ የጉዞ ኢንሹራንስ ነው። ባንኩ ራሱ መድን ሰጪ አይደለም። ከመድን ኩባንያ ጋር ውል ገብቶ ለደንበኞቹ ሁሉ በጅምላ የገዛው ነው። ደንበኛው አረቦን ስላልከፈለበት ነፃ ይመስለዋል። ውሉ ላይ የፈረመው እሱ ስላልሆነም አንቀጾቹን አያውቃቸውም።

ትልቁ ችግር «የጉዞ ኢንሹራንስ» የሚለው ስም ራሱ ነው። በዚህ አንድ ስም ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች ይጠራሉ። አንዱ ለጉዞው ገንዘብ የሚቆም ነው፦ ቲኬት ሲሰረዝ፣ በረራ ሲዘገይ፣ ሻንጣ ሲጠፋ፣ የተከራዩት መኪና ሲጋጭ። ሁለተኛው ለተጓዡ ሰውነት የሚቆም ነው፦ ሲታመም፣ ሲሰበር፣ ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ሌላ አገር ሆስፒታል መወሰድ ሲያስፈልገው። አብዛኛው የአሜሪካ ካርድ የሚሰጠው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛው ወይ ጨርሶ የለም፣ ወይ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ዓመታዊ ክፍያቸው በመቶዎች ዶላር ከሚቆጠር የታወቁ ካርዶች አንዱ የሆነው የቼዝ ባንክ ሳፋየር ሪዘርቭ ለዓመታት ለድንገተኛ ሕክምና ያስቀመጠው ጣሪያ 2,500 ዶላር ነው። ታማሚን በአውሮፕላን ለማዘዋወር ግን እስከ 100,000 ዶላር ይሰጣል። ከውዶቹ ካርዶች መካከል ያለው ይህ ከሆነ፣ ያለ ክፍያ በሚሰጡት ላይ ምን እንደሚጠበቅ ገምቱት።

ለሞት ወይም እጅ፣ እግር፣ ዓይን ለጠፋ ብቻ የሚከፍለው ያ የአደጋ ሽፋን ከየት መጣ? ሥሩን ስፈልግ ያገኘሁት የባቡር ሐዲድ ላይ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እንግሊዝ ውስጥ ባቡር አዲስና አስፈሪ ነገር ነበር፤ ግጭቱም ብዙ ነበር። በ1849 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ግድም ለባቡር መንገደኞች ተብሎ የተቋቋመ የመድን ኩባንያ በየጣቢያው መሸጥ ጀመረ። ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ጥቂት ሳንቲም ጨምሮ የአደጋ መድን ይገዛል፤ የሚጠብቀውም ለዚያች ጉዞ ነው። ያ ልማድ በኋላ ወደ አውሮፕላን፣ ከዚያም ወደ ካርድ ተሻገረ። ስለዚህ ዛሬም «ቲኬቱን በዚህ ካርድ ከቆረጥክ፣ በተሳፈርክበት ማጓጓዣ ላይ ሳለህ» የሚል አንቀጽ ይዞ ይገኛል። ባቡር በ1895 ዓ.ም ደርሶ ለወለዳት ለድሬዳዋ ልጅ ይህ ታሪክ ባዕድ አይደለም። የአክስቴ ባል ዕድሜ ልካቸውን የሠሩበት ሐዲድ ዓይነት ላይ የተወለደ የመድን ዓይነት፣ ልጃቸው ከባጃጅ ስትወድቅ አልደረሰላትም።

ባጃጁን ካነሳን አይቀር፣ የባጃጁም መድን አለ። በ2005 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ያስገድዳል፤ በመኪና አደጋ ለተጎዳ ሰው አስቸኳይ ሕክምናም ያዛል። አዋጁ ሲወጣ ለአስቸኳይ ሕክምና የተቀመጠው ጣሪያ 2,000 ብር ነበር። ይህ የመጀመሪያ እርዳታ ነው፤ የአጥንት ቀዶ ሕክምናን አይሸከምም። አደጋ ሲደርስ ግን የተሽከርካሪውን ሰሌዳና የመድን ወረቀቱን ቁጥር መመዝገብ አትርሱ። እኛ በድንጋጤ ሳንመዘግብ ቀርተን ባለ ባጃጁን ፍለጋ ሦስት ቀን ተንከራተናል።

እዚህ ድሬዳዋና ሐረር አካባቢ ሁላችንም አፎሻ የሚባለውን የመረዳጃ ማኅበር እናውቃለን። አፎሻ የገባ ሰው ሕጉን ያውቃል፤ ለቅሶ ሲሆን ድንኳን እንደሚተከል፣ ወንበርና ድስት እንደሚመጣ፣ ለቤተሰብ እስከ ስንት እንደሚሰጥ፣ ለሕመም ይሰጥ አይሰጥ እንደሆነ በደንብ ይነግራችኋል። ማንም «አፎሻ አለኝ» ብሎ የቤቱን ጣሪያ እንዲያለብሱለት አይጠብቅም። የካርድ ኢንሹራንስም እንደዚሁ የራሱ ሕግ ያለው ነገር ነው፤ ልዩነቱ አባሉ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ሕጉ ሲነበብ አለመስማቱ ነው።

ከሕጎቹ ለእኛ ሰዎች ብዙ ጊዜ እንቅፋት የሚሆኑትን ላንሳ። ቀዳሚው የአከፋፈሉ ነገር ነው። ሽፋኑ የሚጸናው የጉዞው ዋጋ በካርዱ ሲከፈል ነው። ውጭ ያሉ ልጆቻችን ደግሞ ብዙ ጊዜ ቲኬት የሚገዙት ከሐበሻ የጉዞ ወኪል ነው። ወኪሉ በካርድ ከሆነ ጭማሪ ይጠይቃል፤ ስለዚህ በጥሬ ገንዘብ ወይም በባንክ ዝውውር ይከፍላሉ። ያኔ ካርዱ ስለዚያ ጉዞ ምንም አያውቅም። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለውን በረራም ብዙ ጊዜ ወንድም ወይም አጎት አዲስ አበባ ሆኖ በብር ይቆርጥላቸዋል። በፍቅር የተደረገ ነው፤ በውሉ ግን ያ ክፍል ከጉዞው ውጭ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ያለው የነበረ በሽታ ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ አስም ያለበት ሰው ጉዞውን በዚያ ሕመም ምክንያት ቢሰርዝ ወይም እዚህ መጥቶ ቢብስበት፣ ብዙዎቹ ውሎች ቀደም ባሉት ጥቂት ወራት ሕክምና የተደረገለትን ሕመም ያስቀራሉ። ጡረታ ወጥተው አገር ቤት ብዙ ወር ለሚቀመጡ እናት አባቶቻችን ይህ ከባድ ነው። ለአሜሪካ አረጋውያን መንግሥት የሚሰጠው ሜዲኬር የተባለው የጤና መድን እንኳ ከአሜሪካ ውጭ በአጠቃላይ አይሠራም። እናቴ ሜዲኬር አላት ብሎ መላክ ለድሬዳዋ ሆስፒታል ዋጋ የለውም። የቀን ገደብም አለ፤ ብዙዎቹ ሽፋኖች ለተወሰኑ ሳምንታት ጉዞ ብቻ ናቸው፤ ለክረምት መጥቶ እስከ ጥምቀት የሚቆይን ሰው አያካትቱም።

ስለ ሕመም ካነሳን፣ በ2006 ዓ.ም ድሬዳዋ ላይ የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ ተነስቶ ከአሥር ሺህ በላይ ሰው እንደታመመ፣ በ2011 ዓ.ም መጨረሻ ደግሞ ቺኩንጉንያ ከተማዋን ቤት ለቤት እንደዞራት ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ ያልተኛ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ለእንግዳ ሰው ያ መገጣጠሚያ የሚያስር ትኩሳት ሆስፒታል መተኛትን ሊያመጣ ይችላል። ለቀኖች የሚሰጠውን ጉሉኮስና ምርመራ የሚከፍለው ግን ለሕክምና የተገዛ መድን እንጂ ለሻንጣ የቆመው የካርድ ሽፋን አይደለም።

ሌላው የጦርነትና የፍርሃት ጉዳይ ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም በአገራችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ፣ የአሜሪካ ኤምባሲ ዜጎቹን ቶሎ ውጡ ሲል፣ ቲኬት የቆረጡ ብዙዎች ጉዟቸውን ሰርዘዋል። ሁለት ወር ሳይሞላ ደግሞ መንግሥት አንድ ሚሊዮን ዲያስፖራ ለገና አገሩ ይግባ የሚል ጥሪ አቀረበ፤ ብዙዎችም መጡ። በእነዚህ ወራት ቲኬቱን የሰረዘ ሰው ካርዱ ዘንድ ሲሄድ የሚያገኘው መልስ ውሉ ውስጥ ቀድሞ የተጻፈ ነው፦ ጦርነት ከሽፋን ውጭ ነው፤ መፍራትም የስረዛ ምክንያት ሆኖ አይቆጠርም። ሽፋን የሚሰጡት በስም ለተዘረዘሩ ምክንያቶች ነው፤ የተጓዡ ወይም የቅርብ ዘመዱ ሞትና ከባድ ሕመም፣ አልፎ አልፎም ከባድ የአየር ሁኔታ። «በማንኛውም ምክንያት ብሰርዝ» የሚል ሽፋን የሚፈልግ ሰው ለብቻው፣ ከፍ ባለ ዋጋ መግዛት አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የካርድ ጥቅም ባንኩ ሲፈልግ የሚያነሳው ነገር ነው። ሲቲ የተባለው ትልቁ የአሜሪካ ባንክ በመስከረም 2012 ዓ.ም ከብዙዎቹ ካርዶቹ ላይ የጉዞ ሽፋኑን አንስቷል። ባንኮች እንዲህ ያለውን ለውጥ በደብዳቤ ወይም በኢሜይል ያሳውቃሉ፤ ከማስታወቂያ ጋር ተቀላቅሎ የሚመጣን ደብዳቤ ግን ስንቱ ያነበዋል? ከአምስት ዓመት በፊት «አለው» የተባለ ካርድ ዛሬም አለው ብሎ መምጣት አደገኛ ነው።

ሻንጣን በተመለከተ ጥሩ ዜና አለ፤ መንገዱን ለሚያውቅ። ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት የሞንትሪያል ስምምነት በዓለም አቀፍ በረራ ለጠፋ፣ ለተበላሸ ወይም ለዘገየ ሻንጣ አየር መንገዱ እንዲክስ ያስገድዳል። ጣሪያው ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም ጀምሮ 1,519 ኤስዲአር (ዓለም አቀፍ የገንዘብ መለኪያ) ነው፤ ወደ ዶላር ሲመነዘር 2,000 አካባቢ። ለተበላሸ ሻንጣ በ7 ቀን፣ ለዘገየ ሻንጣ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ይገባል። የካርዱ ሽፋን የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ አየር መንገዱ የከፈለው ተቀንሶ በቀረው ላይ። ስለዚህ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጡ ሻንጣው አለመምጣቱን አስመዝግቦ ወረቀት መያዝ ግድ ነው። «ቤት ልድረስና ነገ እመለሳለሁ» ያለ ሰው ማስረጃ ስለሚያጥረው ሁለቱንም በር በራሱ ላይ ያጠብባል። ጥሬ ገንዘብ በአብዛኛው አይሸፈንም፤ ለወርቅ፣ ለስልክና ለላፕቶፕ ደግሞ ዝቅ ያለ ጣሪያ ይቀመጣል። ለሙሽራ የተገዛ የአንገት ሐብል ሻንጣ ውስጥ አይግባ፤ በእጅ ይያዝ።

መኪና የሚከራዩም አሉ። ካርዱ የሚጠግነው የተከራዩትን መኪና ነው። የተገጨውን ሰው፣ የተገጨውን ግመል፣ የተገጨውን ግድግዳ አይመለከትም። ከሹፌር ጋር የተከራዩት መኪና፣ ከመንገድ ወጥቶ በአሸዋና በወንዝ ውስጥ የተነዳ መኪና ብዙ ጊዜ ከውሉ ውጭ ነው። የሁርሶን መንገድ ለሚያውቅ ይህ አንቀጽ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከእኛ ዘንድ ወደ ውጭ ለሚሄዱትም ጥቂት ልበል። ለአውሮፓ የሸንገን ቪዛ የሚያመለክት ሰው ቢያንስ 30,000 ዩሮ ሽፋን ያለው የሕክምና መድን ማቅረብ አለበት፤ አስቸኳይ ሕክምናን፣ ሆስፒታል መተኛትን፣ ወደ አገር መመለስን፣ ሞትንም ማካተት አለበት፤ በሸንገን አገሮች ሁሉ፣ በሚቆይባቸው ቀኖች ሁሉ የሚጸና መሆን አለበት። የካርድ ሽፋን ይህን ሁሉ በስሙ ዘርዝሮ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ካልተሰጠው በቀር አያሳልፍም። እዚሁ አገር ያሉ የመድን ድርጅቶች ለዚሁ የሚሆን ፖሊሲ ይሸጣሉ። ዑምራ ለሚሄዱ ወገኖቻችን ደግሞ የጤና መድኑ ከቪዛው ጋር ይካተታል። ብዙ ሰው ወረቀቱን ለኤምባሲ ብሎ ይገዛና ቪዛው ሲመታ ቤት ጥሎት ይሄዳል። ወረቀቱ ላይ ያለው የአስቸኳይ ጊዜ ስልክ ቁጥር ነው ዋናው ሀብቱ። ከሐኪሙ በፊት ወይም ቢያንስ በዚያው ቀን ካልተደወለ ክፍያ ላይ ክርክር ይነሳል። በተለይ ታማሚን በአውሮፕላን ማዘዋወር ያለ እነሱ ፈቃድ ከተደረገ አብዛኞቹ አይከፍሉም።

ክርክር ሲነሳ የሚያድነው ደግሞ ወረቀት ነው። እህቴ ለበረራ ቀኗ መቀየር የተወሰነ ገንዘብ ከካርዱ ማግኘት ችላለች፤ ይህን መናገር ፍትሕ ነው። ያገኘችው ግን በሰነድ ነው። የሐኪም ማስረጃው «ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን በረራ አይፈቀድላትም» የሚል ግልጽ ቃል ነበረው። ደረሰኞቹ እያንዳንዱን ነገር ለየብቻ የሚዘረዝሩ ነበሩ፤ አንድ ላይ ተደምሮ «ሕክምና» ተብሎ የተጻፈው ደረሰኝ ተመልሶብናል። የፖሊስ ማስረጃው በአማርኛ ስለነበር በሕጋዊ ተርጓሚ አስተርጉመን፣ ማኅተም አስመትተን ላክን። ዋናውን ግን እኛ ዘንድ አስቀረን። ይህን ሁሉ ያደረግነው ከአክስቴ መኝታ አጠገብ ባለች ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ወረቀቱን ነፋስ እንዳይወስደው በስኳር ዕቃና በጀበና ተጭነን።

እንግዲህ አድማጮቼ፣ ውጭ ያለ ልጅ ወይም ወንድም «ልመጣ ነው» ብሎ ሲደውል፣ ከደስታው በኋላ ሁለት ነገር ጠይቁት። ካርድህ እኔ ዘንድ ሆነህ ብትታመም ለሐኪም ይከፍላል ወይ? ከፈለስ እስከ ስንት? «አላውቅም» ካለ፣ ካርዱ ጀርባ ያለውን ቁጥር ደውሎ የጥቅም መመሪያውን ያስልክ። ሕክምናው ከሌለበት፣ ለጉዞው ቀኖች ብቻ የሚሆን የሕክምና መድን ለብቻው ይግዛ፤ ለጤነኛ ወጣት ዋጋው ከአንድ ተጨማሪ ሻንጣ ክፍያ ብዙም የሚርቅ አይደለም። የሚገዛው ግን ከመነሳቱ በፊት ነው፤ ከተሰበሩ በኋላ የሚገዛ መድን የለም።

እህቴ በምርኩዝ ወደ ሚኒሶታ ከተመለሰች ወዲህ አክስቴ ይህን ጥያቄ ለምደውታል። ባለፈው ሳምንት የወንድማቸው ልጅ ከካናዳ ደውሎ ለዒድ እንደሚመጣ ሲነግራቸው አጠገባቸው ነበርኩ። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰሙት፤ ሳቁ፤ መረቁት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባ፣ ኢንሹራንስህ የተሰበረ እግር ይጠግናል?» አሉት። ከወዲያ ዝምታ ሆነ። ቆይቶ ጠይቄ እደውላለሁ አለ። በሦስተኛው ቀን ደወለ፤ የካርዱ እንደማይጠግን፣ የሚጠግን ሌላ እንደገዛ ነገራቸው። አክስቴ የፖሊሲውን ቁጥር እንድጽፍላቸው እስክሪብቶ አቀበሉኝ፤ ጻፍኩት፤ ወረቀቱን ከአፎሻው ደብተር መካከል አስገቡት።